ጭረት

ዐሥራ አንድ መኪና በሚስማር ሰቅዬ፣
ከስታዲየም ጀርባ በመስታወት ተከልዬ፣
ለውጭ አገር እንግዳ ቁልፍ አቀብላለሁ፤
ማታ ለገሃር ላይ ሰልፍ እይዛለሁ።

ሰኞ የመጣው ሰው ከማላዊ ነበር፣
ስሙ ቺሶሞ ነው፣ ድልድይ የሚመረምር።
ፎርም አስሞላሁት።
ከፎርሙ ጀርባ ላይ መኪና ተሥላለች፣
እንደ ዶሮ ብልት ተዘርግታ ተኝታለች፤
ያለውን ጭረት በእስክሪብቶ እንከብባለን፣
ስትመለስ ደግሞ ጎንበስ ብለን እንቆጥራለን፣
አዲስ ከተገኘ ከመያዣው እንቆርጣለን።

«መሪው በግራ ነው?» ብሎ ሳቅ አለ፤
እነሱ ዘንድ በቀኝ ነው፣ መንገዱም የተገላበጠ፣ የተለየ።
«በግራ እጅ እንደ መጉረስ ነው፣ ይለመዳል» አልኩት፤
ነጯን ያሪስ ሰጠሁት።

በመስኮት አየሁት፤ አደባባዩ አፍ ላይ ደርሶ ቆመ።
ከኋላው ሚኒባስ፣ ከኋላው አውቶብስ፣ ጡሩምባው ተደጋገመ፤
በጠራራ ፀሐይ የዝናብ መጥረጊያው ግራ ቀኝ አለ፤
ፍሬቻ ሊያሳይ ነበር ምስኪኑ፣ እጁ ተታለለ።

ዐርብ መለሳት።
ዞርኳት፤ ጎንበስ አልኩ፤ በመዳፌ ዳበስኳት፤
አዲስ ጭረት የለም።
በአምስት ቀን የሄደችው ሦስት ኪሎ ሜትር፤
ነዳጇም ከሰጠሁት መስመር ንቅንቅ አላለም።
«የት አቆምካት?»
«ሆቴሉ ጓሮ፣ ከጽዱ ሥር።»

ከዚያ ጣቱን እያጠፈ ነገረኝ፦
መቶ ብር ወደ ፊት ሰጥቶ፣ መልሱ አምስት እጅ አቋርጦ
ሳይጎድል መምጣቱን፤
አንዲት ሴት የገዛችውን መስታወት ጉልበቱ ላይ አስቀምጣ
እስከ አራት ኪሎ ድረስ
የራሱን ፊት ታቅፎ መሄዱን፤
«ወራጅ አለ» ሲል ቃሉ ተጣሞበት
ታክሲው በሙሉ መሳቁን፣
ረዳቱም ከሳቁ ብዛት ሁለት ፌርማታ ማሳለፉን፣
ወደ ቀበና ድልድዩ በእግሩ መመለሱን።
ሜክሲኮ ላይ ስልኩ ከኪሱ መውጣቷንም አልደበቀኝ።
«እሷስ መኪና ውስጥ ብሆን አትጠፋም ነበር» አለኝ።

ክንዱ ላይ ቀጭን ቀይ መስመር አየሁ፤
የታክሲ በር ብረት ነው፣ የላላ፣ አውቀዋለሁ።
እስክሪብቶዬን አንስቼ ቆየሁ፤
ፎርማችን ላይ የሰው ሥዕል የለም።

እኔም አንድ ነገር ልንገረው አልኩና ተውኩት።
ሐምሌ ላይ ነው፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፤
ፀዳለን ምጥ ያዛት።
ጎርፉ እስከ ቁርጭምጭሚት፣ ታክሲ የሚባል ከየት?
ስታዲየም ድረስ ሮጥኩ፣ ቢሮውን ከፈትኩት፣
ነጯን ያሪስ ሰረቅኳት።
ጥቁር አንበሳ እስክንደርስ ማንንም አልጠበቅን፣
«ጠጋ በሉ» የሚል የለም፣ ሞላ አልሞላ አላልን።
አልዋሽም፤ ያን ሌሊት፣
ለብቻ መሄድን እንደ እንጀራ ራብኩት።
በሩን ስከፍት ግን ከአጥሩ ግንብ አስታከኳት።

ኋላ በር ላይ ያለው የመጀመሪያው ጭረት፣
በየፎርሙ የምከበው፣ የእኔ ነው።
እንግዳ ሁሉ አይቶ ይፈርምበታል፤
ልጄ ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ገብታለች።

ማታ ለገሃር ያካፋል።
ሰልፉ ተጠማዞ እስከ ጋዜጣ አዟሪው ይደርሳል።
ከፊቴ ሦስት ሰው ቀድሞኝ ቺሶሞ ቆሟል፣
ራሱ ላይ ፌስታል አጥልቋል።
ቀድሞ የገባ ኋላ ነው የሚቀመጥ፤
እሱ መጨረሻው ወንበር፣ እኔ በሩ አጠገብ።
«ሒሳብ!» አለ ረዳቱ።

ከኋላ በትከሻዬ ላይ እጅ መጣ፣
ክንዱ ላይ ቀይ መስመር ያለበት፣
እርጥብ ብር የጨበጠ።
ሰኞ ቁልፍ የሰጠሁትን እጅ ዛሬ ተቀበልኩት፤
አሳለፍኩለት።